እናት ደሴ፣ ልጅ ባሕር ማዶ፦ የአደጋ መጥሪያ በተን አመራረጥ

አሜሪካ ገብታችሁ ብዙም ሳትቆዩ ማስታወቂያውን ታዩታላችሁ። ሸምገል ያሉ ሴትዮ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይወድቃሉ፣ አንገታቸው ላይ ያለችውን በተን ጫን ያደርጋሉ፣ ከሳጥኑ ውስጥ ሰው ይመልስላቸዋል። ወዲያው ሐሳባችሁ ደሴ ይገባል። ሰኞ ገበያ ወይ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ብቻቸውን የቀሩ እናት ያሉት ሰው ይህን አይቶ «ለእሷም አንድ ገዝቼ ልላክ» ይላል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ግን ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ዕቃው ራሱ ቀላል ነው። አንገት ላይ የምትንጠለጠል ወይ እጅ ላይ የምትታሰር በተን አለች፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ድምፅ ማጉያ ያለው ሳጥን አለ። በተኗ ስትጫን ሳጥኑ በሲም ካርድ ወይ በቤት ስልክ መስመር ወደ አንድ ማዕከል ይደውላል። እዚያ ሌት ተቀን ሰው አለ። ፋይላቸውን ከፍቶ ያናግራቸዋል፣ እንደ ሁኔታው ለልጅ ይደውላል ወይ 911 ይጠራል። ብዙውን ጊዜ በወር ከ20 እስከ 50 ዶላር ገደማ የሚከፈለው ለፕላስቲኳ ሳይሆን ለዚያ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ አምቡላንስ ማስላክ ይችላል እንጂ ሸዋ በር ድረስ እጁ አይደርስም። በዚያ ላይ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሲም ከአሜሪካ ኔትወርክ ጋር የታሰረ ነው። ከነዚህ ኩባንያዎች ገዝታችሁ በሰው እጅ ደሴ ብትልኩ የላካችሁት ጌጥ ነው።

ስለዚህ ደሴ ላሉ እናት መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ «የቱን ልግዛ?» ሳይሆን «ማን ይደርስላቸዋል?» የሚለው ነው። ማዕከሉን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

በተኗ ስትጫን የሚደወልለት የመጀመሪያው ቁጥር የእናንተ አይሁን። ይህን ስል የሚከፋቸው ልጆች አሉ። ግን ደሴ ሲነጋ ዋሽንግተን ወደ እኩለ ሌሊት እየተጠጋ ነው፤ ልዩነቱ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። ሪያድና ኩዌት ያላችሁ ደግሞ ሰዓታችሁ ከደሴ ጋር አንድ ቢሆንም፣ ሥራ ላይ ስልክ ማንሳት ላይፈቀድላችሁ ይችላል። አንደኛዋ ቡና አጣጫቸው ትሁን፦ ግድግዳ የምትጋራ፣ ቀን ቤት የምትውል፣ የበሩን መለዋወጫ ቁልፍ የያዘች። ሁለተኛው ሰው አንስቶ መሸከም የሚችል የሰፈር ጎረምሳ ይሁን። ሦስተኛው ሌሊትም ቢጠሩት የሚመጣ የታወቀ ባጃጅ ወይ የመኪና ሹፌር። ከዚያ ወንድም እህት፣ ከዚያ እናንተ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ስልካቸው ላይም ግድግዳው ላይም ይጻፍ፤ ነገር ግን እሱ እስኪደርስ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።

ኮምቦልቻ ከሆኑ ሦስተኛው ቁጥር ላይ አትቀልዱ። ከባድ ነገር ሲመጣ ወደ ደሴ ሆስፒታል ሪፈር ሊባሉ ይችላሉ፣ ያ ማለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሐረጎን ዳገት መውጣት ነው። ለዚህ ባጃጅ ሳይሆን መኪና አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለቅሬውም፣ ማለትም ለሰፈሩ ዕድር፣ ንገሩ። ቅሬ ለቀብር ነው ትሉ ይሆናል፤ ቢሆንም የሰፈሩን ሰው ቤትና ስልክ ከቅሬ ሰዎች በላይ የሚያውቅ የለም። ለጎረቤት ደመወዝ ልቁረጥ ብትሉ ግን ይቀየሟችኋል። የስልክ ካርድ ሙሉላቸው፣ ለበዓል አስቡባቸው፣ ይበቃል።

አሁን ወደ ዕቃው። ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ትልልቅ ቁጥር ያለው፣ ከኋላው የኤስኦኤስ (የአደጋ ጥሪ) በተን የተገጠመለት ተራ ስልክ ነው። ሌላው ማንኛውንም ሲም የሚቀበል፣ በተኗ ስትጫን የተመዘገቡትን ቁጥሮች በተራ የሚደውል ሳጥን ነው፤ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ሁለቱንም ስትገዙ ለኔትወርክ ያልተቆለፈ መሆኑን፣ ጂኤስኤም 900 እና 1800 በሚባሉት የኔትወርክ ሞገዶች ላይ መሥራቱን ጠይቁ።

ቀን ቀን ወጣ ወጣ ለሚሉ እናት እኔ ስልኩን እመርጣለሁ፤ አጠቃቀሙን ያውቁታል፣ ከመቀነታቸው አይጠፋም። ችግሩ ሌሊት ነው። ብዙ የደሴ ግቢ ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፣ ግቢው ተዳፋት ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ጭቃ ነው። ሌሊት ለሽንት ሲወጡ ስልክ የሚይዙ አሮጊት አላውቅም። ለዚህ አንገት ላይ የምትውል፣ ውሃ የማይገባት በተን ትሻላለች። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ርቀት ሜዳ ላይ የተለካ ነው፤ ግድግዳ ያሳጥረዋል። እናታችሁን ጓሮ ድረስ ልካችሁ ከዚያ እንዲጫኑ አድርጉ። ካልሠራ መልሱት።

መብራት ሌላው ጣጣ ነው። ሳጥኑ የራሱ ባትሪ ይኑረው፣ ቢያንስ አንድ ቀን የሚይዝ። በጂፒኤስ (ሰውየው ያለበትን ቦታ በሚያሳየው) የሚሠሩት ደግሞ በየቀኑ ወይ በየጥቂት ቀኑ ቻርጅ ይፈልጋሉ፤ ያለ ጂፒኤስ የምትሠራው ተራ በተን ግን ባትሪዋ ብዙውን ጊዜ ዓመታት ትቆያለች። ቤት ለሚውሉ እናት ጂፒኤስ ምን ያደርጋል? የት እንዳሉ ይታወቃል እኮ። ሲሙ ላይ ሂሳብ ከሌለ ደግሞ በተኗ ብትጫንም ጥሪው አይወጣም። ካርዱን ከውጭ ሆናችሁ መሙላት ትችላላችሁ፤ የወር ክፍያ አድርጋችሁ ያዙት።

«መውደቅን በራሱ ያውቃል» የሚባለውን አትመኑት አልልም፣ ብቻውን ግን አትመኑት። ከአልጋ ቀስ ብሎ ተንሸራቶ መውደቅን ብዙ ጊዜ አይለይም። በሰላትም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ስግደት ጊዜ በሐሰት ይጮህ እንደሆነ አስቀድማችሁ ሞክሩ። አፕል ዎችም ከሴሪስ 4 ጀምሮ ይህ አለው፤ ነገር ግን በየጊዜው ቻርጅ ይፈልጋል። ደሴ ላሉ እናት አልመክርም።

አላደርግም ማለታቸው አይቀርም። «እኔ ፍየል ነኝ ወይ ደወል የምታስሩብኝ?» የሚሉ አሉ። «አርጅተሻል» ብላችሁ አትጀምሩ። «እኔ እንቅልፍ አጣሁ፣ ለእኔ ስትይ» በሏቸው። ለልጅ ሲባል የማይደረግ ነገር የለም።

እናታችሁን ወደ አሜሪካ ካመጣችሁ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ ማዕከል ያለውን ግዙ። ጎረቤቱ አያውቃቸውም፣ እናንተም ሥራ ናችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት አማርኛ አስተርጓሚ በስንት ደቂቃ እንደሚያገናኙ ጠይቁ፤ «አለን» ካሉ በሙከራ ጥሪ አረጋግጡ። ፋይሉ ላይ «አማርኛ ብቻ ይናገራሉ፣ ቀድማችሁ ለልጃቸው ደውሉ» ተብሎ ይጻፍ። ኦሪጅናል ሜዲኬር (መንግሥት በቀጥታ የሚሰጠው የአረጋውያን የጤና መድን) ይህን አይከፍልም። በአንዳንድ ስቴቶች ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሆነው መድን) በቤት ውስጥ እንክብካቤ ፕሮግራሞቹ በኩል ይሸፍናል፣ ኬዝ ወርከራችሁን ጠይቁ። የረጅም ጊዜ ውል አትፈርሙ። ያገለገለ ሳጥን በርካሽ ካገኛችሁም ተጠንቀቁ፦ አሜሪካ ውስጥ ዋናዎቹ የ3ጂ ኔትወርኮች በ2022 ተዘግተዋል፤ በ3ጂ ብቻ ይሠራ የነበረው ዕቃ ዛሬ አይደውልም።

ደሴ ያለውን በወር አንዴ ሞክሩ። እናታችሁ ይጫኑ፣ ማን እንዳነሳ፣ ማን እንደመጣ ጠይቁ። በቡና ሰዓት ግን አትሞክሩት፤ ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ እዚያው ስለሆነ ምንም አትማሩም። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ለጎረቤት አስቀድማችሁ ነግራችሁ፣ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ይሁን።