የኤሌክትሪክ ምጣድ ችግርና መፍትሄ፦ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬቱን እዩት

መብራት መኖሩን፣ ብሬከሩ መውረድ አለመውረዱን፣ ማብሪያው መበራቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። እሱን ሳያይ የጠራኝ ሰው የትራንስፖርት ይከፍላል፣ ቂም የለም። ከዚህ በታች ያለውን ማንኛውንም ነገር የምትነካኩት ደግሞ ብሬከር አውርዳችሁ ሶኬቱንም ነቅላችሁ ነው፣ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

ይሞቃል ግን ይዘገያል፣ አንዳንዴ ይጠፋል ይመጣል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል

ዋናው ይሄ ነው። ሰው "ምጣዴ ሞተ" ብሎ ይጠራኛል፣ በቴስተር ስለካው ምንም አልሆነም፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ግን ጠቁሮ ቀልጦ ቁጭ ብሏል። የቤት ምጣድ ባብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ነው። የ3500 ዋቱን ብትወስዱ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ይስባል፣ የግድግዳ ሶኬታችን ላይ የተጻፈውም 16 ነው (ያውም የጻፉት እውነት ከሆነ)። ስለዚህ ሶኬቱ ሁሌም አቅሙ ጫፍ ላይ ነው የሚሰራው፣ ጋገራ ደግሞ እንደ ካውያ አምስት ደቂቃ ተሰክቶ የሚነቀል አይደለም፣ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሀል ውስጥ ያለችው መያዣ ትንሽ ላላ ብላ ግማሽ ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ እንቅፋት መለኪያ ነው) ብቻ ብትፈጥር 16 በ16 በግማሽ አባዙት፣ 128 ዋት እዛች ጠባብ ቦታ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ሙቀቱ መያዣዋን ያላላታል፣ በላላች ቁጥር የባሰ ትሞቃለች፣ መዳቡ ይጠቁራል፣ ፕላስቲኩ ቡኒ ይሆንና የዓሣ የሚመስል ሽታ ያመጣል። ያ ሽታ ከመጣ ሊጥ ቢተርፍም ባይተርፍም አቁሙ።

ለማረጋገጥ ሶስት አራት እንጀራ ጋግራችሁ ብሬከሩን አውርዱና የሶኬቱን ፕላስቲክ ንኩት። ለብ ካለ ችግር የለውም፣ እጅ ካላስቀመጠ ግን አልቆለታል። ከተነቀለ በኋላ ከጥርሶቹ አንዱ ብቻ ከጠቆረ ችግሩ በዛ በኩል ነው።

ሲቀየር ወንዱም (የምጣዱ ገመድ ጫፍ ላይ ያለው) ሴቱም (ግድግዳው ላይ ያለው) አንድ ላይ ይቀየሩ! አንዱን ብቻ ቀይሮ ገንዘብ የቆጠበ ሰው አላየሁም፣ የተቃጠለው ሴት አዲሱን ወንድ ያቃጥለዋል። አንድ ኮንዶሚኒየም ላይ እንዲህ ሆኖ ጠብቆኛል፣ ወንዱ አዲስ፣ ሴቱ በናስትሮ ተጠቅልሎ። "እማማ ይሄን ማን ሰራልዎት?" ብላቸው "የጎረቤት ልጅ ነው የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጠው" አሉኝ። ሶኬቱን ከግድግዳው ሳወጣው የሽቦው ልባስ ስነካው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረካከሰ፣ ለካ መስመሩ ከአምፖል ተጠልፎ የመጣ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ቀጭን ሽቦ ነው። ልጆቻቸው አዲስ ምጣድ ሊገዙ ዋጋ ጨርሰው ነበር። በዛ ግድግዳ ላይ አዲሱም ያው ነው፣ መስመሩን ቀየርን፣ በድሮው ምጣድ እየጋገሩ ነው።

የጠቆረ መዳብ ላይ ብሎን አታጥብቁ፣ የሚያብረቀርቀው እስኪመጣ ወደኋላ ቁረጡ። ሽቦው ቀዳዳ ውስጥ አልገባ ሲል ግማሹን ክር ቆርጦ የሚጥል ባለሙያ ነኝ ባይ አለ፣ እሱን በሩ ላይ መልሱት። ዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካት ጭራሽ አይታሰብም። ዘላቂው መፍትሄ ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የሚመጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ 25 አምፒር ብሬከርና ያ ሰማያዊው 32 አምፒር ኢንደስትሪያል ሶኬት ነው። መርካቶ ስትሄዱ ማግኔት ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ፣ ናስ ማግኔት አይስበውም፣ ጥርሱን ከሳበው ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ነው የሚሸጡላችሁ። ሽቦውንም በምላጭ ፋቅ አድርጉት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" ብሎ ቢምል እንኳን ተዉት።

ጭራሽ አይሞቅም

ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ የምጣዱን ማብሪያ አብርታችሁ፣ በሁለቱ ጥርሶች መሀል በቴስተር ለኩ። ከ12 እስከ 16 ኦም ካሳየ ምጣዱ ጤነኛ ነው፣ ወደ ሶኬቱ ተመለሱ። ምንም ካላሳየ ወይ ማብሪያው፣ ወይ ከስር ያለው መገናኛ፣ ወይ ሬዚስታንስ ሽቦው (ሸክላውን የሚያሞቀው) ተበጥሷል።

ብሬከር ቶሎ ቶሎ ይጥላል

ቦይለርና ምጣድ አንድ ላይ ካበራችሁ መልሱ እሱ ነው። ካልሆነ ግን ምጣዱ ከዚህ በፊት ተጠግኖ እንደሆነ ጠይቁ። የተበጠሰ ሽቦ ጫፍ ለጫፍ ተጠማዞ ሲቀጠል ያጥራል፣ እንደገና ሲበጠስ እንደገና ያጥራል፣ 14 ኦም የነበረው 11 ሲደርስ 20 አምፒር መሳብ ይጀምራል። ባለቤቱ "አሁንማ ቶሎ ይሞቃል" ብሎ ይደሰታል፣ ትንሽ ቆይቶ ብሬከሩ መውረድ ሲጀምር ደግሞ 40 ያስገባና ዝም ያሰኘዋል። አሁን የሚቃጠለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። እባካችሁ ብሬከር አታሳድጉ፣ የምጣዱን ሽቦ በሙሉ በአዲስ አስቀይሩ፣ ከሌላው ወጪ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው።

ይነዝራል

አትጋግሩበት፣ "ጫማ ካደረኩ ችግር የለውም" ብሎ ነገር የለም። ላሜራው ኤርዝ (ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) የለውም ማለት ነው፣ ሊጥ በስንጥቅ ገብቶ ሽቦውን አርሶትም ሊሆን ይችላል። አዲስ ሸክላ እርጥበቱ ካልወጣለትም ይነዝራል።

ግማሹ ይበስላል ግማሹ ነጭ ይቀራል

ሽቦው በሁለት መስመር ከተዘረጋ አንዱ ተበጥሷል። ወይ ጀሶው ለቆ ሽቦው ከሸክላው ርቋል።

ማታ ማታ ወይ የበዓል ዋዜማ ዓይን አያወጣም

ምጣዱን አትውቀሱት፣ ሰፈሩ ሁሉ እየጋገረ ነው። ቮልቱ 180 ሲወርድ የምጣዱ ጉልበት ሁለት ሶስተኛ ብቻ ነው የሚቀረው። በጠዋት ጋግሩ። (ከዚህ ምጣድ ጭናችሁ አሜሪካ የወሰዳችሁም በ120 ቮልት ሲሶው እንኳ አይቀራችሁም፣ በማሰሻ የሚስተካከል ነገር አይደለም።)

ሸክላው ተሰንጥቋል

ላሜራው ካልበሰበሰ ሸክላና ሽቦ ብቻ ቀይሩ፣ ሙሉ ምጣድ አትግዙ። የግድ አዲስ ነው ካላችሁ ሱቅ ውስጥ ገልብጡትና ከስር እዩት። መገናኛው ሴራሚክ ላይ መሆን አለበት፣ ወደ ሸክላው የሚገባው ሽቦ ደግሞ ሙቀት የሚችል ልባስ ያለው። ተራው የቤት ሽቦ ልባሱ 70 ዲግሪ ነው የሚችለው፣ የጋለ ምጣድ ግን 200 አካባቢ ይደርሳል። ሻጩ አላስገለብጥም ካለ የሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።