ቀለሙ ለምን ተላጠ? የጨዋታ ወታደሮችን ለሚቀቡ ሰዎች ችግርና መፍትሄ

ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ባለችው ክፍሌ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የሌላ ሰው ወታደር የማይገኝበት ቀን የለም። ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሚሠሩ፣ ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ምስሎች ናቸው፤ የፕላስቲክ፣ የሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ቅርጽ ይዞ የሚደነድን ሙጫ መሰል ነገር)፣ አልፎ አልፎም የብረት። ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ጋሻና ውጅግራ የያዙት በዝተዋል። ባለቤቶቻቸው ይዘዋቸው የሚመጡት በአንድ ቅሬታ ነው፦ «ቀለሙ ተላጠብኝ።» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም አይለወጥም፦ «ከውጭ የተሻለ ቀለም ላስመጣ?»

አታስመጡ። እኔ ዘንድ ከመጡት ውስጥ ጥፋቱ የቀለሙ የሆነው እጅግ ጥቂት ነው። ጥፋቱ ያለው ከቀለሙ ሥር ነው፤ ሥሩ ካልተስተካከለ በዓለም ላይ ያለ ውድ ቀለም ሁሉ ይላጣል። ብሩሽ እንዴት እንደሚታጠብና ቀለም እንዴት እንደሚቀጥን ታውቃላችሁ ብዬ ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ቀለም ሲላጥ

የተላጠውን ቅርፊት አትጣሉት። በመርፌ ጫፍ አንሡት፣ ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጡት፣ ጀርባውን በመስኮት ብርሃን ተመልከቱት። መልሱ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ጀርባው የፕራይመር፣ ማለትም የመጀመሪያው ቅብ ቀለም ካለውና የተላጠበት ቦታ የሚያብለጨልጭ ባዶ ፕላስቲክ ወይም ሬዚን ከሆነ፣ ፕራይመሩ ራሱ አልያዘም። ምክንያቱ ቅባት ነው። ከአሥር ሰባት ስምንት ጊዜ የማየው ይህንን ነው።

ቅባቱ ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ከፋብሪካ ነው፤ ምስሉ ከቅርጽ ማውጫው እንዳይጣበቅ የሚቀቡት ነገር አለ። ይህንን ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛውን ግን ማንም አይጠረጥርም፦ የራሳችን እጅ ነው። አንድ ወጣት ለየካቲት 23 ጨዋታ ሲዘጋጅ የከረመባቸውን አርባ ነፍጠኞች ይዞ መጣ። «በሳሙና አጥቤያለሁ፣ በጥሩ ፕራይመር ቀብቻለሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ግን አርባውም የተላጡት አንድ ቦታ ላይ ነበር፦ በግራ ትከሻና በቀኝ ወገብ። አንዱን አንሥቼ አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን በተላጡት ሁለት ቦታዎች ላይ ሳሳርፍ ልክክ አለ። ወሩ ጥር ነው፤ የበጋው ደረቅ ነፋስ እጅን ይሰነጥቃል፤ ልጁ ጠዋት ጠዋት ቫዝሊን ይቀባና ሥራውን ይጀምራል። ከታጠቡ በኋላ አንድ በአንድ በጣቱ ይዞ ነበር ፕራይመር የረጨባቸው።

ስለዚህ ምስሉ ከታጠበበት ደቂቃ አንሥቶ ጣት አይነካውም። ከመታጠቡ በፊት እግሩን በለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ላይ አጣብቁት፤ እስከ መጨረሻው ቅብ ድረስ የምትይዙት ክዳኑን ብቻ ነው። በእጅ የምንበላ ሰዎች ነን፤ ከምሳ በኋላ በውሃ ብቻ ለቅለቅ ያለ እጅ የወጥ ዘይት እንደያዘ ነው። በሳሙና፣ እስከ ጥፍር ሥር።

ሦስተኛው ምንጭ ማጠቢያው ራሱ ነው። አንዲት እህት ሦስት ጊዜ አጥባ ሦስት ጊዜ ተላጠባት። ምን እንደምታጥብበት ስጠይቃት የወጥ ቤቱን ስፖንጅ አሳየችኝ። ድስት የታጠበበት ስፖንጅ ቅቤ ያዘለ ነው፤ ባጠበች ቁጥር ቅቤ ትቀባቸው ነበር። አዲስ የጥርስ ብሩሽ ግዙና ለዚህ ሥራ ብቻ አስቀምጡት። ሌላው ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አርባ ምስል በአንድ ሳህን ውሃ ማጠብ ያጓጓል፤ ነገር ግን ከምስሎቹ የወጣው ቅባት ላይ ላዩን ይንሳፈፍና ስታወጧቸው እንደገና ይለብሳቸዋል። ሦስት ሳህን አዘጋጁ፦ አንዱ ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ሁለቱ ንጹሕ ውሃ። በየአሥሩ ምስል ሦስተኛውን ቀይሩ። የፈላ ውሃ አትጠቀሙ፤ ሬዚንና ቀጭን ፕላስቲክ ይጣመማል። በጨርቅም አትወልውሉ፣ አየር ያድርቃቸው።

የቅርፊቱ ጀርባ የላይኛው ቀለም ብቻ ሆኖ ፕራይመሩ ምስሉ ላይ በሰላም ከተቀመጠስ? እንግዲያው ፕራይመሩ ፕራይመር አልነበረም። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ስያሜው የተፋቀ ወይም ከነጭራሹ የሌለው ጣሳ «ፕራይመር ነው» ተብሎ ይሸጣል፤ ውስጡ ያለው የሚያብረቀርቅ የመኪና ቀለም ነው። በውሃ የሚሟሟ አክሪሊክ ቀለም በሚያብረቀርቅ ገጽ ላይ መያዣ አያገኝም። የገዛችሁትን ጣሳ ሁሉ መጀመሪያ በፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ርጩ፣ አሳድሩ፣ ጠዋት በብርሃን ተመልከቱ። መስኮቱ በማንኪያው ላይ ከታያችሁ ወደ ወታደሮቻችሁ አታስጠጉት። በጥፍር ሲጫር የሚነሣ ከሆነም እንደዚያው። የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም በፕራይመር ፋንታ መቀባትም አይሠራም፤ ወፍራም ነው፣ ፊትን ይደፍናል፣ እንደ ቆዳም ይገፈፋል። አብረቅራቂው ቀለም አንዴ ከተቀባ፣ በላዩ ስስ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ረጭቶ መቀጠል ይቻላል፤ ብዙ ለሚነካካ ምስል ግን ሁሉንም አጥቦ ከዜሮ መጀመር ይሻላል።

ቅርፊቱ የማይሰበር፣ የሚለጠጥ፣ ሥሩም ሲነካ የሚያጣብቅ ከሆነ ምስሉ በሦስት አውታር (3D) ማተሚያ የተሠራ ሬዚን ነው፣ አልበሰለምም፤ ማለትም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሙሉ በሙሉ አልደነደነም። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ስለሚወደድ ብዙዎቻችን አሁን የምናሳትመው እዚሁ ነው፤ አታሚው ከቸኮለ ጣጣው ለቀቢው ይተርፋል። ለእጥበት የሚሆነው ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል ነው፤ 70 በመቶ የሚባለው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ውሃ ስለሆነ የሬዚኑን ቅሪት በደንብ አያነሣም። ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን በንጹሕ አልኮል እጠቡ። አልኮሉ ፈጽሞ ሳይተን ብርሃን አታሳዩት፤ እርጥቡ እንዳለ ከበሰለ ነጭ ዱቄት የመሰለ ልብስ ይቀርበታል። መብራት በመጥፋቱ በማብሰያው ውስጥ ግማሽ በግማሽ የቀሩ ምስሎች ብዙ አጋጥመውኛል። መብራት አትጠብቁ፤ ፀሐይ አለችላችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በጠራ ሰማይ በረንዳ ላይ እያገላበጣችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት። ቀኑን ሙሉ አትርሱት፤ ያረረ ሬዚን ጦሩም ጣቱም ይሰባበራል።

ውስጡ ክፍት የሆነ ምስል ለብቻው ያስፈራል። አንድ ፈረስ በሚገባ ተቀብቶ፣ ጎፈር የደፋ ጋላቢ ተቀምጦበት፣ ከሁለት ወር በኋላ ሆዱ ተሰንጥቆ መጣ፤ ከስንጥቁ ማር የመሰለ ፈሳሽ ሬዚን ይወርዳል። ሲታተም ውስጡ የቀረው ሬዚን መውጫ አልተበጀለትም ነበር። አታሚያችሁን ቀዳዳ ጠይቁት፤ በማይታይ ቦታ፣ ቢያንስ ሁለት፣ አንዱ አየር የሚያስገባ። ያልበሰለ ሬዚን በባዶ እጅ አይነካም፤ ቆዳን ያስቆጣል፣ ተደጋግሞ ሲነካ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አለርጂ ያመጣል። የታጠበበትን አልኮልም ወደ ቱቦ ወይም ወደ ወንዝ አትድፉ። በክፍት ዕቃ፣ ልጅ በማይደርስበት ፀሐይ ላይ አስቀምጡት፤ አልኮሉ ተኖ ሬዚኑ ሲደነድን ደረቁን ትጥሉታላችሁ።

ቀለሙ ሳይላጥ እንደ ዱቄት የሚራገፍ፣ ገጹም እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ከሆነ ደግሞ ፕራይመሩ አየር ላይ ደርቆ ነው የደረሰው። ከፍታችንና የበጋው ድርቀት ተባብረው የሚያመጡት ነው። ጣሳው ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ቢልም እኔ ከ15 እስከ 20 እቀርባለሁ፤ ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ በአጭር በአጭሩ እረጫለሁ።

የተበላሸውን ማጠብ

አሮጌውን ቀለም ለማስለቀቅ አሴቶን የሚሆነው ለብረት ምስል ብቻ ነው። አንድ ሰው አሥር የፕላስቲክ ፈረሰኞች በአሴቶን ዘፍዝፎ አደረ፤ ጠዋት ያገኘው ግራጫ ገንፎ ነው። ለፕላስቲክ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥቂት ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ይታሻል። ሬዚን ከሆነ አትዘፍዝፉት፤ እየነከራችሁ ፈቅፍቁት። የፍሬን ዘይት የሚመክራችሁን ሰው አትስሙ። በረኪናን ከአልኮልም ሆነ ከአሴቶን ጋር በፍጹም አታገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። መስኮት ክፈቱ። አልኮል ባለበት ክፍል ከሰል አይቀጣጠልም፣ ሻማም አይበራም።

ሸማው እንደ ኖራ ሲሆን

የዓድዋን ሠራዊት የሚቀቡ ሁሉ የሚደርሱበት ግድግዳ ነው፤ አብዛኛው ልብስ ነጭ ነውና። ነጭ ቀለም ሥሩን የመሸፈን ኃይሉ ደካማ ስለሆነ ሰዉ ያወፍረዋል፤ ወፍራሙም ይሰነጠቃል። በነጭ አትጀምሩ። የጥጥ ፈትል ራሱ ንጹሕ ነጭ አይደለም። ሞቅ ባለ ፈዛዛ ግራጫ ጀምሩ፣ በሁለተኛው ቅብ እጥፋቱን ትታችሁ አጥንት መሳይ ክሬም አልብሱ፣ ንጹሕ ነጩ የሚነካው የእጥፋቱን ጫፍ ብቻ ነው። የጃኖው ቀይ ጥለት በመጨረሻ ይምጣ፤ ቀይ ቀድሞ ከገባ ነጩን ሮዝ ያደርጋል።

ቫርኒሹ ጭጋግ ሲለብስ

ከሰኔ እስከ መስከረም የሚመጣ በሽታ ነው። አየሩ እርጥብ ሳለ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሲረጭ እርጥበቱ ቅቡ ውስጥ ይታሰርና ምስሉ አመድ የነፋበት ይመስላል። ስስ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ በብሩሽ ብትቀቡበት ቀለሙ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ከዚያ በደረቅ ቀን ማብረቅረቁን ታጠፋላችሁ። በሐምሌና በነሐሴ ግን ከጣሳ አትርጩ። በብሩሽ የሚቀባ ቫርኒሽ ተጠቀሙ።

ሱፐር ግሉ በተጣበቀበት ዙሪያ የሚታየው ነጭ ጉም ሌላ ነገር ነው፤ የማጣበቂያው ትነት ነው፣ መጠኑን ቀንሱ። ክፍተት የሚሞላው ኤፖክሲ ፑቲ ካልደረቀ ሁለቱ ክፍሎች እኩል አልተለወሱም፤ አውጥታችሁ ጣሉት። የተጣመመ ጦር ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከቀና በኋላ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ደጋግሞ የሚጣመም ከሆነ ግን ቀለሙም አብሮ ይረግፋል፤ ቆርጣችሁ በምትኩ ረጅም ስፒል ትከሉ። የቆዩ የብረት ምስሎች እርሳስ ሊኖራቸው ይችላል፤ በደረቁ አትሞርዷቸው፣ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ አንሡት፣ ጨርቁንም ጣሉት፤ እጃችሁን ሳትታጠቡም ማዕድ አትቅረቡ።