ጓሯችሁ ውስጥ የበቀለውን የማታውቁትን ተክል እንዴት ትለያላችሁ

ከአራት ዓመት በፊት እናቴን ልጠይቅ ኮምቦልቻ ወርጄ ስመለስ፣ ከአጥሯ ሥር ሰባት ችግኝ ነቅዬ በፌስታል ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። አሪቲ መስሎኝ ነበር። ቡና ሲፈላ ከጠጅ ሳሩ ጋር አስቀምጠዋለሁ ብዬ ከጤና አዳሙ አጠገብ ተከልኩት፤ በየማለዳውም ውሃ አጠጣሁት። አሪቲ አልነበረም። ቅንጬ አረም ነበር፣ ፓርቲኒየም የሚሉት። እስከ ዛሬ እየነቀልኩት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው።

1. መጀመሪያ የራሳችሁን ተክል እወቁ

ጓሮ ውስጥ ዘር በብተና አትዝሩ። በመስመር ከተዘራ፣ ከመስመሩ ውጭ የበቀለው ሁሉ እናንተ ያልዘራችሁት መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ካሮትና ድንብላል ገና ሲበቅሉ ከብዙ አረም ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ከገዛችሁት ዘር ጥቂቱን ለብቻው በአንድ ጣሳ ዝሩና መስኮት ላይ አስቀምጡት። መደቡ ላይ ያለው ሲያጠራጥራችሁ ጣሳውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ጎን ለጎን ታስተያያላችሁ። ምንም ወጪ የለውም፤ እኔ ከየትኛውም መሣሪያ አስበልጬዋለሁ።

2. ግንዱን ዳስሱ፣ የቅጠሉን አቀማመጥ እዩ

ሰው ሁሉ ቅጠል ብቻ አይቶ ይፈርዳል። ግንዱ ግን ቶሎ ይናገራል። በሁለት ጣታችሁ ይዛችሁ አሽከርክሩት። ቅጠሉ ሣር የሚመስል ሆኖ ግንዱ ሦስት ጠርዝ ካለው፣ ሣር ሳይሆን የእንግጫ ወገን ነው። እንዲህ ሣር የሚመስለው ግንዱ ክብ ሆኖ አንጓ ካለው ሣር ነው፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር የሚሰደው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰርዶ ነው። ግንዱ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት የሚወጡ፣ ሲታሹም የሚሸቱ ከሆኑ የዳማከሴና የበሶብላ ዘመድ የመሆኑ ነገር ሰፊ ነው። ቅጠሉ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተራ በተራ የሚወጣም አለ። ይህንን ጻፉት፤ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ ከሆነ እጃችሁን ወደ ዓይናችሁ አታድርሱ። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል።

3. ማሸትና ማሽተት

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ቅንጬ አረም ገና ልጅ ሳለ መሬት ላይ ተለጥፎ እንደ ሰፌድ ክብ ይዘረጋል። ቅጠሉ በጥልቀት የተሰነጣጠቀ ነው፤ ልክ እንደ አሪቲ። እኔ ያየሁት ይህንኑ ብቻ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ቡና ሊጠጡ መጥተው መደቡን አዩና፣ «ልጄ፣ ይኼን ለምን ታጠጪዋለሽ?» አሉኝ። «አሪቲ ነው» አልኳቸው። «አሪቲማ ከደጅ ያውዳል። እስቲ እሺውና አሽትቺው።» አሸሁት። የሸተተኝ ተራ የቅጠል ሽታ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሳጠጣው አንድ ቀን እንኳ ወደ አፍንጫዬ አላስጠጋሁትም ነበር።

አሪቲ ሲታሽ ሽታው እጅ ላይ ይቆያል። ቅጠሉ ብርማ ግራጫ ነው፤ በፀጉር የተሸፈነ ስለሆነ ሲዳሰስ እንደ ሐር ይለሰልሳል። ቅንጬ አረም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ፀጉር ቢኖረውም ብርማ መልክ የለውም። ከፍ ሲል ግንዱ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረዱ ሰረዞች ይታያሉ፤ ጫፉም ቅርንጫፍ ያበዛል። አበባው ነጭ ነው፤ ከክብሪት ራስ ብዙም አይበልጥም። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት አምስት ማዕዘን ያለው ይመስላል። ከሩቅ ሲታይ ግን ተክሉ ላይ ቅንጬ የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። የአሪቲ አበባ እንዲህ ነጭ አይደለም፤ ወደ ቢጫ ይሄዳል።

እሳቸው ሲነግሩኝ ተናድጄ እዚያው በባዶ እጄ ነቀልኩት። በማግስቱ ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ ድረስ ሽፍታ ወጣብኝ፤ ሌሊቱን ሳክ አነጋሁ። ሁሉንም ሰው እንዲህ አያደርገውም፤ ደጋግሞ የነካው ሰው ግን እየባሰበት ይሄዳል። ስለዚህ የማታውቁትን ተክል የምታሹት እጃችሁን ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ ይሁን። ፌስታሉን ወደ አፍንጫችሁ አቅርባችሁ አሽትቱ። ለዚህ ጓንት መግዛት አያስፈልግም።

ስነቅለው ደግሞ አብቦ ነበር። ይህ አረም ከበቀለ በኋላ ለማበብ ከአንድ ወር ብዙም አይዘገይም፤ በደንብ ያደገ አንድ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ሊበትን ይችላል። ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው፤ ወደ ወሎ በ1977ቱ ድርቅ ከእርዳታ እህል ጋር እንደገባ በብዙዎች ይታመናል። እኔ ደግሞ በፌስታል ይዤ ጓሮዬ አስገባሁት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ብርዱ ይገድለዋል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ አልገደለውም። ከቆላም ከደጋም ችግኝ ስታመጡ ይህ ትዝ ይበላችሁ።

4 እና 5. ሥሩን አውጡ፣ አንዱን ግን አስቀሩ

ከማይታወቀው ተክል ብዙ ካለ አንዱን ከነሥሩ ቆፍራችሁ አውጡ። ሣር መሳይ ሆኖ ሥሩ ላይ እንደ አተር ያሉ ፍሬዎች ካሉት እንግጫ ነው። እንግጫን በአካፋ እየቆራረጣችሁ አትገልብጡት፤ እያንዳንዷ ፍሬ ራሷን ችላ ትበቅላለች።

ሌላውን አንዱን ወደ ጣሳ አዛውሩና እስኪያብብ ጠብቁ። አብዛኛውን ተክል በእርግጠኝነት የሚለየው አበባውና ፍሬው ነው። ቱልትና መቅመቆ ዘመዳሞች ናቸው፤ ገና በቅጠል ሳሉ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ቱልት ሲያፈራ ግን የፍሬው ዳር እንደ መንጠቆ የታጠፈ ጥርስ ያወጣል፤ ቀሚስ ላይ ይጣበቃል። መጭ ከኑግ፣ ሲናር ከአጃ የሚለዩትም እንዲህ በመጠበቅ ነው። አበባው ሲከፈት ፎቶ አንሱት፤ ዘር ከመያዙ በፊት ግን ንቀሉት። ጣሳው ከመደቡ ራቅ ይበል።

6. ሰው ጠይቁ፣ ከዚያ ስልክ

እኔ ቅደም ተከተሉን በዚህ መንገድ ነው የምይዘው፤ መጀመሪያ የሰፈር አዛውንት፣ ቀጥሎ የግብርና ባለሙያ፣ በመጨረሻ ስልክ። በፎቶ ተክል የሚለዩ መተግበሪያዎች ጥሩ ናቸው፤ ያበበ ተክል ስታሳዩአቸው ቢያንስ ወገኑን ይነግሯችኋል። ለችግኝ ግን አትመኑባቸው፤ ሁለት ቅጠል ብቻ ካለው ነገር ሰውም ቢሆን ብዙ ማንበብ አይችልም። ቅጠሉን፣ አበባውንና ፍሬውን ለየብቻ ቅርብ አድርጋችሁ አንሱ፤ ከጀርባው ነጭ ወረቀት አድርጉ። ሙሉ መደቡን በአንድ ፎቶ ማንሳት ዋጋ የለውም።

ስም ሲነገራችሁም አትቸኩሉ። አንዱ አስተናግር የሚለውን ሌላው አጤ ፋሪስ ይለዋል፤ ተክሉ አንድ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ተክሉን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ሩቅ ለመላክ ከሆነ በጋዜጣ መሃል ዘርጉትና ከባድ ነገር ጫኑበት፤ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። ሲደርቅ የአበባው ቀለም ስለሚጠፋ ቀለሙን፣ ቁመቱን፣ ቀኑንና ቦታውን በወረቀት ጽፋችሁ አያይዙበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ተክሎች ማከማቻ፣ ናሙናዎቹን የሚያስቀምጠው በዚሁ መልክ አድርቆ ነው።

7. ሳታውቁት አትብሉ፣ ሳታውቁት አትርጩ

አሉማ ይበላል፤ በችግር ጊዜ ብዙ ሰው ያቆየ ቅጠል ነው። አስተናግር ግን መርዝ ነው፤ ፍግ በበዛበት ጓሮ ሁለቱ ጎን ለጎን ይበቅላሉ። የአሉማ ቅጠል ዳሩ ጥርስ የለውም፤ የአስተናግር ዳር ወጣ ገባ ጥርስ አለው፣ ሲታሽም ይከረፋል። አበባው እንደ ጥሩምባ ረጅም፣ ፍሬው እሾሃም ነው፤ ሲደርቅ አራት ላይ ይከፈላል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ሳያፈራ ንቀሉት። ከጓሮ ለወጥ የምትቀጥፉ ሁሉ ቅጠል በቅጠል ለዩ፤ በጭብጥ አትቁረጡ።

ፀረ አረምም እንዲሁ ነው። ገበሬው ለጤፍና ለስንዴ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ይገድላል፣ ሣርን ይተዋል። ጓሮ ውስጥ ብትረጩት ጎመናችሁ ይሞትና ሰርዶው ይተርፋል። ለትንሽ ጓሮ እኔ መርጨትን አልመክርም።

ቅንጬ አረም መሆኑን ካረጋገጣችሁ፣ ሳያብብ መሬቱ እርጥብ ሳለ ከነሥሩ ንቀሉት። ያበበውን ከፍግ ጋር አትቀላቅሉ፤ በፌስታል አስራችሁ አስወግዱት። በየሁለት ሳምንቱ ተመለሱ። እኔ በመጀመሪያው ክረምት ከአንድ መደብ በባልዲ ነበር የማወጣው፤ ዘንድሮ በበልጉ አሥራ አንድ ብቻ ቆጠርኩ።

አሁን በረንዳዬ ላይ አንድ ጣሳ አለ። ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፣ ቅጠሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፣ ሲታሽ ለስለስ ያለ ሽታ አለው። ጎረቤቴ አሽትተውት «ዳማከሴ አይደለም» ብለዋል። ትናንት ጫፉ ላይ እምቡጥ አየሁ።