ለብስክሌት ጥንዶች፦ ማን ይቅደም?

ከፍቅር ወይም ከትዳር አጋራችሁ ጋር ረጅም መንገድ በብስክሌት ስትሄዱ አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ትንፋሽ እያጠረው ይከተላል። ከዚያ ኩርፊያ ይመጣል።

ቦታ ተቀያየሩ። ሜዳ ላይ፣ በተለይ ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣ፣ ጠንካራው ይቅደም፤ ሌላው አንድ ሜትር ያህል ርቆ ከኋላው ይጠለል። አቀበት ሲጀምር ግን ደከም ያለው ፊት ይውጣና ፍጥነቱን እሱ ይወስን።

ሜዳ ላይ ጉልበት የሚጨርሰው አየሩን መግፋት ነው። ከኋላ ያለው ይሄ በጣም ይቀልለታል። አቀበት ላይ ግን ፍጥነት ስለሚቀንስ መጠለሉ ብዙም አይጠቅምም፤ ትግሉ ከገዛ ክብደት ጋር ነው። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጡ መጀመሪያ ላይ ከአቅም በላይ የተገፋ ሰው እስከ ላይ ይሰቃያል።

ፊት ያለው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ያመልክት፣ የኋላው መንገዱ አይታየውም። ቁልቁለትና እርጥብ አስፋልት ላይ ተራራቁ። አይረንማን በሚባለው የዋና፣ የብስክሌትና የሩጫ ውድድር ላይ ደግሞ መጠለል ክልክል ነው፤ አማተሮች ባልና ሚስትም ቢሆኑ የ12 ሜትር ርቀት መጠበቅ አለባቸው። ዳኛ ከያዛችሁ የጊዜ ቅጣት አለው።