ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሕግና የወንጀል ፍትሕ ጉባኤ እንዴት ይዘጋጃል?

ተማሪዎችን አዳራሽ ሰብስቦ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ሕግ ንግግር ማሰማት አይጠቅምም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስልካቸውን ይከፍታሉ። ተማሪው ራሱ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ጠበቃ ሆኖ ሲቆም ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በአንድ የክስ ታሪክ ዙሪያ ሥሩት።

ዝግጅቱን ከሁለት ወር በፊት ጀምሩ። ቀኑ ቅዳሜ ይሁን፣ የፈተና ሰሞን አይሁን። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዱና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ለፍርድ ቤት፣ ለፍትሕ ጽሕፈት ቤት፣ ለፖሊስ ጣቢያና በአቅራቢያችሁ ላለ የሕግ ትምህርት ቤት አስገቡ። ደብዳቤ አስገብቶ ቤት መቀመጥ ግን አይሠራም። ለማን እንደተመራ ከመዝገብ ቤት ጠይቁና ባለሙያውን በአካል አግኙት። አንድ ዳኛ፣ አንድ ዐቃቤ ሕግ፣ አንድ ተከላካይ ጠበቃና አንድ መርማሪ ፖሊስ ከመጡ በቂ ነው። ለእያንዳንዳቸው አሥር ደቂቃ ስጡ፤ የቀረው ጊዜ ለጥያቄ ይሁን። ምሳው የጾም ቢሆን ለብዙው ሰው ይስማማል።

ዋናው ሥራ የክስ ታሪኩን መጻፍ ነው። ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ልጆቹ የሚያውቁት ዓይነት ነገር ይሁን። ለምሳሌ፦ አርብ ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ የአንዲት ሴት ሞባይል ይጠፋል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስልኩ የ17 ዓመት ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ይገኛል። ልጁ «ወድቆ አግኝቼው ነው» ይላል። አንድ ምስክር «እጁን ሲሰድ አይቻለሁ» ይላል፤ ግን የቆመው ሰልፉ ጫፍ ላይ ነበር። ክሱ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665፣ ስርቆት፣ ይሆናል። ማስረጃው ወደ ሁለቱም ወገን የሚያጋድል ይሁን። መልሱ ካሁኑ የታወቀ ታሪክ ክርክር አይወጣውም።

ዕድሜውን 17 ያልኩት በምክንያት ነው። በሕጋችን 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው በአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፤ ጉዳዩም በዝግ ችሎት ነው የሚታየው። ከ15 በላይ ያለው ግን በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፣ ለዕድሜው ቅጣቱ ሊቀልለት ቢችልም። አዳራሽ ውስጥ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ በዚህ የዕድሜ ክልል ውስጥ ናቸው። ይህን ሲሰሙ ቀና ይላሉ።

ጠዋት ላይ ሕገ መንግሥቱን ይዛችሁ ግቡ። አንቀጽ 19፣ 20 እና 21 ይበቃሉ፦ ብትያዝ የመናገር ግዴታ የለብህም፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ፤ ጥፋተኛ እስክትባል ንጹሕ ነህ፤ ቤተሰብና ጠበቃ ሊጠይቁህ ይችላሉ። አንብባችሁ አትለፉት። ሰሌዳው ላይ ሰዓት ሣሉና «ልጁ አርብ ማታ 12 ሰዓት ተያዘ። 48 ሰዓቱ መቼ ያልቃል?» በሉ። እሑድ ማታ 12 ሰዓት ይላሉ። ወዲያው አንዱ «እሑድ ፍርድ ቤት ዝግ አይደል እንዴ?» ይላል። ያንን ጥያቄ ለዳኛው ተዉለት።

ከሰዓት በኋላ ምስለ ችሎቱ፣ ማለትም ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚያካሂዱት የልምምድ ችሎት፣ ይጀመር። 60 ተማሪ ካለ አራት ክፍል ውስጥ አራት ችሎት ክፈቱ፤ ሁሉም ያንኑ ክስ ይዩ። ሦስት ዳኛ፣ ሁለት ዐቃቤ ሕግ፣ ሁለት ጠበቃ፣ ተከሳሽ፣ የግል ተበዳይ፣ ምስክሮች፣ ፖሊስና የችሎት ጸሐፊ መድቡ። ሦስት ዳኛ የሚያስፈልገው ልጆቹ እርስ በርስ እንዲመካከሩ ነው። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ ክስ ይነበባል፣ ተከሳሹ የእምነት ክህደት ቃሉን (ክሱን ማመኑን ወይም መካዱን) ይሰጣል፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ይሰማሉ፣ ይከላከል ወይስ በነጻ ይሰናበት የሚለው ብይን ይሰጣል፣ መከላከያ ይቀርባል፣ ከዚያ ፍርድ።

በረዳሁት አንድ ዝግጅት ላይ ጠበቃ የሆነችው የ10ኛ ክፍል ልጅ ምስክሩን «የመንገድ መብራቱ በርቶ ነበር?» አለችው። ወረቀቱ ላይ መልስ አልነበረም። ልጁ ዝም አለ። እሷም ዝም ብላ ጠበቀችው። ከዚያ «ሌላ ጥያቄ የለኝም፣ ክቡር ፍርድ ቤት» ብላ ተቀመጠች። ስለዚህ ለምስክሮች አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ካርዳቸው ላይ ያልተጻፈውን «አላየሁም» ማለት ይችላሉ፤ መፍጠር ግን አይፈቀድም።

ፍርዱ ሲያልቅ ሁሉንም አዳራሽ መልሷቸው። አንዱ ችሎት ጥፋተኛ ያለውን ሌላው በነጻ ሊያሰናብተው ይችላል። «ያው ወረቀት፣ ያው ምስክር፤ ለምን ተለያያችሁ?» ብላችሁ ለዚህ ብቻ አንድ ሰዓት ስጡ። የቀኑ ትልቁ ትምህርት እዚህ ነው ያለው። ዐቃቤ ሕጉና ጠበቃውም እዚህ ላይ ቢገቡ ደስ ይላል።

አንድ ነገር አደራ። ተማሪዎቹ መካከል አባቱ ወይም ወንድሙ የታሰረበት ልጅ ሊኖር ይችላል። «ከናንተ ውስጥ ፖሊስ ጣቢያ የገባ አለ?» ብሎ በአደባባይ መጠየቅ ነውር ነው። ይልቅ ከሕግ ትምህርት ቤቱ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ሰው ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ይያዝ። የፈለገ ልጅ በዕረፍት ሰዓት ለብቻው ይጠይቀዋል።

በሚቀጥለው ወር ተማሪዎቹን እውነተኛ ችሎት ውሰዷቸው። አብዛኛው ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ብዙ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ግን አስቀድማችሁ አሳውቁ። መታወቂያ ይያዙ፣ ስልክ ያጥፉ፣ ዳኞች ሲገቡ ይነሱ። ፍላጎታቸው ከጠነከረ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያዘጋጀው የምስለ ችሎት ውድድር አለ፤ ምዝገባውን ከሥነ ዜጋ መምህራችሁ ጋር ተከታተሉት።