በላፓሮስኮፒ የአንጀት ካንሰር ሲታከሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ላፓሮስኮፒ ሆድን በረጅሙ ሳይቀዱ፣ ከ5 እስከ 12 ሚሊሜትር በሚሰፉ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች አስገብቶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ነው። ታካሚውንም አስታማሚውንም በብዛት የሚያሳስተው ይኸው የቁስሉ ትንሽነት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ቀዶ ሕክምናውን ራሱን ቀላል አድርጎ ማየት ነው። ዕጢው ያለበት የአንጀት ክፍል ከደም ሥሮቹና ከንፍፊቶቹ ጋር ተቆርጦ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም የቀሩት ሁለት ጫፎች እዚያው ይጋጠማሉ። የካንሰሩን ደረጃ በትክክል ለማወቅ ቢያንስ 12 ንፍፊቶች ሊመረመሩ ስለሚገባ፣ የፓቶሎጂ (የተቆረጠው ሥጋ የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤት ሲቀበሉ ቁጥሩን ይጠይቁ።

በተቃራኒው «በቀዳዳ ካንሰር ተጠርጎ አይወጣም» ብሎ መሸሽም ስህተት ነው። በ1990ዎቹ ሐኪሞቹ ራሳቸው ካንሰሩ በቀዳዳዎቹ ላይ ይዘራል ብለው ይሰጉ ነበር፤ ሆኖም በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 872 ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት ካንሰሩ ተመልሶ የመምጣቱ መጠን በላፓሮስኮፒም ሆድን ከፍቶ በሚሠራው ቀዶ ሕክምናም ተቀራራቢ መሆኑን አሳየ። እርግጥ ይህ የሚሠራው ቀዶ ሐኪሙ በዘዴው ሲካን ነው።

ብዙም የማይወራለት ግን ከባድ ስህተት ዕጢው ያለበት ቦታ ላይ ምልክት ሳያስደርጉ ወደ ቀዶ ሕክምና መግባት ነው። ሆድ ሲከፈት ሐኪሙ አንጀቱን በጣቱ እየዳሰሰ ዕጢውን ያገኘዋል፤ በላፓሮስኮፒ ግን የሚያየው የአንጀቱን ውጫዊ ግድግዳ ብቻ በመሆኑ ትንሽ ዕጢ ይሰወረዋል። ስለዚህ ኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ካሜራ አንጀትን ከውስጥ የማየት ምርመራ) የሚሠራው ሐኪም በዕጢው አጠገብ ጥቁር ቀለም በመርፌ እንዲወጋ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ኮሎኖስኮፒው በሌላ ሆስፒታል ተሠርቶ ከሆነም ሪፖርቱን ይዘው ይሂዱ።

በመሀል ወደ ክፍት ቀዶ ሕክምና መዞርን እንደ ውድቀት መቁጠርም አይገባም፤ ደም ሲያስቸግር ወይም ዕጢው ከጎረቤት አካል ጋር ሲጣበቅ ትክክለኛው ውሳኔ እሱ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ስህተት የአስታማሚ ነው፦ «አይነሣ፣ ይረፍ» ይላሉ። በማግስቱ ተነሥቶ መራመድ አንጀቱን ያነቃቃል፣ በእግር ደም እንዳይረጋም ይረዳል። ሆድን ለመንፋት የገባው ጋዝ ትከሻ ላይ ሕመም ቢፈጥር (ማን መታኝ የሚል ታካሚ ብዙ ነው) በቀናት ውስጥ ይለቃል።

ቤት ከገቡ በኋላ ደግሞ የውጪው ቁስል ደርቋል ብለው አይዘናጉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተጋጠመው አንጀት ሊያፈስ ይችላል፤ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ትውከት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።