የአንድን ቃል ዘር በልዩ ልዩ ቋንቋዎች እንዴት መከታተል ይቻላል?

የቃልን ምንጭ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ጥንታዊ ጽሕፈቱን ማግኘት አለበት፤ አንደበታችን ብዙ ጊዜ «ነብስ» ቢልም፣ መዝገበ ቃላት የሚያስገኘው «ነፍስ» ተብሎ ሲፈለግ ነው። ቀጥሎ ሥሩን የሚሸከሙት ተነባቢዎች ይለዩ፤ ን፣ ፍ እና ስ በግልጽ ከተቀመጡ «ነፋስ»፣ «ተነፈሰ» እና «እስትንፋስ» ወዲያው ዘመድነታቸውን ያሳያሉ።

ከዚያ ወደ እህት ቋንቋዎች መሻገር ነው። ዐረብኛው «ነፍስ»፣ ዕብራይስጡ ደግሞ «ኔፌሽ» ይላል፤ የመጨረሻዋ ድምፅ ልዩነት ግን ሊያሳስበን አይገባም፤ «ልሳን» በዕብራይስጥ «ላሾን»፣ «ስም» ደግሞ «ሼም» እንደሚባል ስናይ፣ የእኛ «ስ» ከእነርሱ «ሽ» ጋር በሥርዓት እንደሚገጥም እንረዳለን። ይህ ተደጋጋሚ የድምፅ አገጣጠም ከማንኛውም መመሳሰል የበለጠ አስተማማኝ ማስረጃ ነው። የፋርስኛው «ባድ» እና የእንግሊዝኛው «ባድ» በድምፅም በትርጉምም («መጥፎ») ቢቀራረቡም ዝምድና የላቸውም።

ትርጉሙን መመርመር፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉ የሚጣፍጠው ሥራ ነው፤ ምክንያቱም የዕብራይስጡ «ኔፌሽ» በአንዳንድ ጥንታዊ ንባቦች ጉሮሮን ያመለክታል፣ በጥንታዊት መስጴጦምያ ይነገር የነበረው የአካድ ቋንቋ «ናፒሽቱ»ም ሕይወትንም ጉሮሮንም ይይዛል። ስለዚህ ረቂቅ የምንለው ነገር ስያሜውን ያገኘው አየር ከሚመላለስበት ሥጋዊ ቦታ አጠገብ ነው። ለማመሳከሪያ የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት እጅግ ይረዳል፤ በየቃሉ ሥር የእህት ቋንቋዎችን አቻ ያሰፍራልና።